ምልክት ያልገታውን ፍጥነት መንገዱ እንዴት ይገታዋል?

ወላይታ ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከሻሸመኔ በሀላባና በቦዲቲ፣ ከሆሳዕና ደግሞ በአረካ በኩል የሚመጡት መንገዶች እዚህ ተገናኝተው ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗም ለሥራ ጉዳይ የሚመጣ እንግዳ አላት። በዚህ ምክንያት አገር አቋራጭ የጭነት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌት፣ አህያ የሚነዳ ገበሬና ተማሪ አንድ መንገድ ይጋራሉ። በወላይታ ዞን እንደ ሃላሌ ባሉ አነስተኛ ከተሞች ዋናው መንገድ ገበያተኛውም፣ ተማሪውም፣ አላፊ መኪናውም የሚጠቀምበት ስለሆነ አላፊውን ከነዋሪው መለየት ይከብዳል።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በ30 እና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ከሚመስለው ይሰፋል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። በ30 የሚሄደው ግን በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ ደህና ከሆነ፣ ከ14 ሜትር ባነሰ ርቀት ፈጽሞ ይቆማል። ስለዚህ 14 ሜትር ፊት ለፊት አንድ ልጅ ወደ መንገዱ ቢገባ፣ የመጀመሪያው መኪና በሙሉ ፍጥነቱ ሲደርስበት ሁለተኛው ቆሞ ይጠብቀዋል። የግጭቱ ብርታትም እንዲሁ ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ የ50ው ጉልበት ከ30ው ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይገልጻል።

አሽከርካሪው ፍጥነቱን የሚመርጠው ከምልክቱ ይልቅ መንገዱን አይቶ ነው። ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ለስላሳ አስፋልት ነዳጁን እንዲረግጥ ይጋብዘዋል፤ ጠባብና ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ግን ንዝረቱና ድምፁ ራሱ ያዘገየዋል። ኮብልስቶን በአስፋልት ሲተካ ፍጥነት ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው። ገቢም የራሱ ግፊት አለው። ባጃጁ የራሱ ያልሆነ ሹፌር ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ያስረክባል። የእሱ ድርሻ ከዚያ የተረፈው ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ምልልስ ትርጉም አለው። የትራፊክ ፖሊስ ቅጣት ይህን ግፊት ሊመክት ቢችልም፣ የሚሠራው ፖሊሱ በቆመበት ቦታና ሰዓት ነው። መንገዱ ላይ የተሠራ መሰናክል ግን ሌሊትም አይለቅም።

ከመሰናክሎቹ በብዛት የሚታወቀው ጉብታ፣ በተለምዶ ብሬከር የሚባለው ነው። ውጤቱን የሚወስነው ቅርጹ ነው። አጭርና ሹል ጉብታ ላይ በዝግታ የሚያልፍ መኪና ይመታል፤ በፍጥነት የሚያልፈው ግን አካሉ ከመነሳቱ በፊት ምቱን የመኪናው ሞላ ይውጥለታል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የተነደፈው ጉብታ ይህን ችግር ያቃለለው በርዝመቱ ነበር። ከፍታው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በጉዞው አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል ይረዝማል። መኪናው እንዳለ ወጥቶ ስለሚወርድ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ምቾት ይቀንሳል። አንድ ጉብታ ብቻውን ከሆነ አሽከርካሪው ካለፈው በኋላ ያካክሳል፤ ስለዚህ ከ60 እስከ 100 ሜትር እየተራራቁ በተከታታይ መሠራት አለባቸው።

አሠራሩ የአካባቢውን ሁኔታ ማየት ይፈልጋል። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ጉብታ የክረምቱን ጎርፍ ይገድባል፤ ለውሃ ክፍተት ከተተወለት ደግሞ ሞተር ብስክሌት በዚያው ይሾልካል፣ ባጃጅም አንድ ጎማውን በክፍተቱ አሳልፎ ያጋድላል። ለዚህ መፍትሔው በክፍተቱ አፍ አጭር ምሰሶ መትከል ነው። ነዋሪዎች በአፈርና በድንጋይ የሚሠሩት ጉብታ ቀለምና የማስጠንቀቂያ ምልክት ከሌለው በጨለማ ለሞተረኛ ራሱ አደጋ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ መሬቱን ከፍ ማድረግ ሳይሆን ስፋቱን መቀነስ ነው። መጠምዘዣው ሰፊ ቅስት ከሆነ መኪና ሳይቀንስ ይታጠፋል፤ ማዕዘኑ ሲጠብ ግን መቀነስ ግድ ይሆንበታል፣ እግረኛውም የሚሻገረው ርቀት ያጥራል። አዲስ አበባ ውስጥ በለገሃር መስቀለኛ መንገድ ይህ በመጀመሪያ በቀለምና በጊዜያዊ ቁሳቁስ ተሞክሯል። የዚህ አካሄድ ጥቅም ስህተት ቢኖር ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት መታረሙ ነው።

ከተማን ሰንጥቆ በሚያልፍ ዋና መንገድ ላይ ግን ከባድ መኪና በሙሉ ፍጥነት ስለሚደርስ ድንገተኛ ጉብታ አይመከርም። ፍጥነቱ ከመግቢያው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መውረድ አለበት። በጋና ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በሱሁም መገናኛ ላይ መንገዱን አቋርጠው የሚያልፉ አንቀጥቃጭ መስመሮች ተሠርተው ነበር። እነዚህ ጎማ ሲያልፍባቸው የሚጮሁና የሚነዝሩ ዝቅተኛ ጭረቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ አደጋው በ35 በመቶ፣ ሞቱ በ55 በመቶ ያህል ቀንሷል። ጩኸታቸው ስለሚረብሽ ግን ቦታቸው ከመኖሪያ ቤቶች ራቅ ያለ መሆን አለበት።

ወጪውስ? 500 ሜትር መንገድ በ50 ፋንታ በ30 ሲታለፍ የሚጠፋው ጊዜ 24 ሰከንድ ነው። ከዚህ የሚከብደው የአምቡላንስ መዘግየት ነው። አንድ መንገድ ብቻ ሲዘገይም ባጃጆች ወደ ጎረቤት መንገድ ሊዞሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሥራው ለሰፈሩ በሙሉ መታቀድ አለበት። በዳሬሰላም በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የእግረኛ መንገድ፣ ማቋረጫና ጉብታ አንድ ላይ በተሠሩበት ፕሮግራም በተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሩብ ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል። ውጤቱ የመጣው ከጉብታው ብቻ አይደለም፤ ልጁ ከመኪናው የሚለይበት ቦታም አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ሲደመር ምልክትና ቅጣት አስፈላጊ ቢሆኑም መንገዱ ራሱ የሚቃረናቸው ከሆነ አይበቁም ወደሚል ድምዳሜ ይመራል። ቅድሚያ የሚገባው ትምህርት ቤትና ገበያ ያለበት ቦታ ነው። ፍጥነቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ 50 ሜትር በኖራ አስምሮ የመኪናዎቹን ጊዜ በስልክ መያዝ ይበቃል። በ6 ሰከንድ ያለፈው በ30፣ በ3.6 ሰከንድ ያለፈው በ50 እየሄደ ነው። ይህ ከሥራው በፊትና በኋላ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት ይደረግ። ከሥራው በኋላም አብዛኛው መኪና ከ6 ሰከንድ በታች የሚያልፍ ከሆነ፣ ሹፌሩን ከመውቀስ በፊት የጉብታዎቹን ቅርጽና የእርስ በርስ ርቀታቸውን መፈተሽ ይቀድማል።