ወፎቹን ያኖረው የቦረና ግጦሽ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳና በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ለአብዛኛው ሰው የከባድ መኪናና የንግድ መንገድ ነው። ወፍ ለማየት ከሩቅ አገር ለሚመጣው ግን ስንቅ ቋጥሮ፣ መነጽር አንግቶ የሚጓዝበት ብርቅ መስመር ነው። ቡሌ ሆራ ካለፈ በኋላ አገሩ እየደረቀ ይሄዳል፤ ቀይ አፈር፣ ግራርና ኩይሳ ይበዛል። ከዚህ እስከ ኬንያ ድንበር ባለው ምድርና በስተምሥራቅ በነገሌ ቦረና ዙሪያ የሚኖሩ ጥቂት ወፎች ለመጥፋት ተቃርበዋል። እንዴት ይዳኑ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መሬቱን ማጠርና ከብቱን ማስወጣት ነው። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ የወፎቹ ዕድል ከአርብቶ አደሩ የግጦሽ ሥርዓት የሚነጠል አይደለም።

ከያቤሎ እስከ ሜጋ ባለው መንገድ ዳር የሚታየውን የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ እንውሰድ። ጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ይህ ወፍ ገላው አመድማ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ የዓይኑ ዙሪያ ደግሞ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ ነው። አጭር ሣር ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ አፈር በማንቁሩ ይምሳል፤ የከብት እበት እየጫረ ነፍሳት ይለቅማል። በዓለም ላይ ያለው እዚሁ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች የሚኖርበትን ክልል ከአየር ጠባዩ ጋር ሲያስተያዩ፣ ወሰኑ ከአካባቢው ቀዝቀዝ ካለው ከፍታ ወሰን ጋር ገጥሞ ተገኘ። መኪናው ወደ ቆላው ሲወርድ ግራሩ ያው ግራር ነው፤ ወፉ ግን የለም። ሙቀት ሲበረታበት አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ምግብ ፍለጋውንም ይቀንሳል። ስለዚህ መኖሪያው ቢበላሽ የሚሸሽበት አገር የለውም። በዚያው አካባቢ የምትኖረውና ሳይንሳዊ ስሟ ከሜጋ የተወሰደው ነጭ ጅራት ያላት ትንሽ ወፍ ደግሞ በቦረና ጎጆዎች ጣሪያ ውስጥ ጎጆዋን ሠርታ ትፈለፍላለች። ሰውና ከብት ይውጡ ቢባል፣ አንዱ መመገቢያውን ሌላዋ መጠለያዋን ታጣለች።

ከብት እኮ ራሱ ሣሩን ይጨርሳል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በነገሌ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ የምትኖረው የሊበን ላርክ የተጎዳችው አንድም በልቅ ግጦሽ ነው። ይህች ወፍ ጎጆዋን የምትደብቀው ሣር ሥር ስለሆነ ሜዳው ሲራቆት ትጋለጣለች። ጥያቄው ግን ከብቱ ለምን በአንድ ቦታ ተጨናነቀ የሚለው ነው። ከሜዳው ከፊሉ ታረሰ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሣር ማቃጠል ሲከለከል ደግሞ እሳት ይገታው የነበረው ቁጥቋጦ ግጦሹን ወረረው። የተረፈችው መሬት ላይ የሁሉም ከብት ተጫነ። ቦረና ለዚህ የራሱ መላ አለው፦ ካሎ። ዝናብ ሲጥል ከከብት ተጠብቆ የሚቆይ፣ በበጋ ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚከፈት የሣር ክልል ነው። በሊበን ማኅበረሰቡ ከጥበቃ ድርጅቶች ጋር ካሎ ሲከልልና ቁጥቋጦ ሲመነጥር፣ ለጥጃው የበቀለው ሣር ለወፏም መሸሸጊያ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ቦረና ከብቱን ባጣበት አገር ስለ ወፍ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ወፍና ሰው የሚሻሙ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ትክክል ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ሣር ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ለከብቱ መተረፊያ የሚሆነው ካሎ ለላርኳም ያው ነው። ለዚህ ጥበቃ የቱሪስት ገንዘብ ይደርስለታል ብሎ መተማመን ግን አይበጅም። ጸጥታ ሲደፈርስ እንግዳ ይቀራል፤ ሲመጣም ለመኪና ኪራይና ለሆቴል የሚከፍለው በአብዛኛው ከተማ ይቀራል። ጉብኝቱ የሚጠቅመው መንገድ የሚመራው የመንደሩ ወጣት አበል ሲቆረጥለትና ካሎ የሚጠብቀው ማኅበረሰብ ድርሻውን ሲያገኝ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለእርሻ ወይም ለሌላ ልማት የግጦሽ መሬት የሚሰጥ ባለሥልጣን ካሎውን እንደ ባዶ መሬት ማየቱን ይተው።