ድምፅ መስጠት ምስክርነት ነው፤ ኑሯችንስ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ንግግር ለአንባቢያን በሚመች መልኩ የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በአሜሪካ የሚኖሩ አንዲት እናት የሚከተለውን ጥያቄ አቅርበውልናል። «የፕሬዚዳንት ምርጫ በመጣ ቁጥር ቤቴ ይታመሳል። ትልቁ ልጄ ‘ካልመረጥን በራሳችን ላይ ፈረድን’ ይላል። ታናሹ ‘ሁሉም ያው ናቸው፤ በጥፋታቸው አልካፈልም’ ይላል። አባታቸው ደግሞ ‘እኛ እንግዶች ነን፤ ምን አገባን?’ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ባለፈው ምርጫ ወንድማማቾቹ ሁለት ወር ሙሉ ሳይነጋገሩ ቆዩ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እናታችን፣ ጥያቄዎ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ሙስሊሞች በእንዲህ ዓይነት ምርጫ መሳተፋቸውን በተመለከተ ዑለሞች የተለያየ አመለካከት አላቸው። እኛ እዚህ የምናቀርበው ፈትዋ ሳይሆን አስተያየታችንን ነው። ለብይኑ የአካባቢዎን ዑለሞች ይጠይቁ። ማንን ምረጡ ብለንም ስም አንጠራም። ለመሆኑ ግን እንዴት ያለ ሰው ይመረጣል? መራጩስ እንዴት ያለ ሰው ሊሆን ይገባዋል? የምንነጋገረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

«ምን አገባን?» ለሚሉት

በመጀመሪያ ወደ አባትየው እንመለስ። በአገራችን በኢትዮጵያ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው ሲሆን የመንግሥቱን ሥራ የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፕሬዚዳንቱ ራሱ የመንግሥቱ አስፈጻሚና የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ነው። ፊርማው እስከ እኛ ሳሎን ድረስ ይዘልቃል።

ለምሳሌ ብዙ ወገኖቻችንን ወደዚያ አገር ያስገባው ዲቪ በ1990 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ ናቸው) በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረ ነው። ሕጉን ያወጡት የተመረጡ የምክር ቤት አባላት፣ የፈረሙት ደግሞ የተመረጡ ፕሬዚዳንት ናቸው። እነዚያን ሰዎች የመረጡት እኛን ፈጽሞ የማያውቁን መራጮች ነበሩ። በእነርሱ ምርጫ ለእኛ በር ተከፈተልን።

በር የሚዘጋውም በዚሁ መንገድ ነው። በጃንዋሪ 2017 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የሰባት አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ። ከሰባቱ መካከል ሶማሊያ፣ ሱዳንና የመን ይገኙበታል። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በባሕር ማዶና በባሕር ማዶ ተለያይተው ቀሩ። የተሻሻለውን እገዳ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 በአምስት ለአራት ድምፅ አጸናው። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በጃንዋሪ 2021 ሥልጣን በያዙበት ዕለት ሻሩት። በጁን 2025 ደግሞ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ፊርማ በ12 አገሮች ላይ ሙሉ እገዳ የጣለ ሌላ ውሳኔ ወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ የመንና ኤርትራ አሉበት። ይህ ሁሉ የሆነው በፊርማ ነው። ታዲያ ዜግነት ያገኘ ሰው «እንግዳ ነኝ» ሊል እንዴት ይችላል?

የአንድ ሰው ድምፅ ምን ያህል ይመዝናል?

በአሜሪካ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። ሃምሳዎቹ ግዛቶችና ዋና ከተማዋ በድምሩ 538 ወኪል መራጮች አሏቸው። ከእነዚህ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከኔብራስካ በስተቀር በአንድ ግዛት ብልጫ ያገኘ ተወዳዳሪ የዚያን ግዛት ወኪሎች በሙሉ ይወስዳል። በ2016 ሒላሪ ክሊንተን በመላ አገሪቱ ከ2.8 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ቀድመው ሳለ ትራምፕ ፕሬዚዳንት የሆኑት በዚሁ አሠራር ነው።

በ2000 ደግሞ ጆርጅ ቡሽና አል ጎር ሲወዳደሩ የአገሪቱን ውጤት የወሰነችው ፍሎሪዳ ነበረች። በዚያች ግዛት የተመዘገበው ልዩነት 537 ድምፅ ብቻ ነው። ይህ በአንድ መካከለኛ መስጊድ ለጁምዓ የሚሰበሰብ ሰው ብዛት ነው። «የእኔ ድምፅ ምን ይፈይዳል?» ለሚል ሰው ይህ ቁጥር በቂ መልስ ይመስለናል።

በተጨማሪም በዚያው ወረቀት ላይ ከፕሬዚዳንቱ ስም በታች የምክር ቤት አባላት፣ እንደየአካባቢውም ዳኞችና የትምህርት ቦርድ አባላት ይሰፍራሉ። ልጃችን ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚበላ፣ በዒድ ቀን ቀሪ ይባል ወይስ አይባል የሚለውን የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። እኛ ግን ስማቸውን እንኳ ሳናነብ እናልፋለን።

ሚዛኑ ምንድን ነው?

ቁርኣን በሱረቱል ቀሶስ የመድየኑን ሰው ልጅ ታሪክ ይነግረናል። ሙሳን (ዐ.ሰ) ቅጠረው ብላ አባቷን ስትመክር ያነሳችው ሁለት ነገር ነበር፤ ብርታትና ታማኝነት። ብርቱ ሆኖ የማይታመን ያጠፋል። ታማኝ ሆኖ አቅም የሌለው ደግሞ ሥራው ይበላሽበታል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦች በመካ ሲሰቃዩ ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ በመከሩ ጊዜም የንጉሡን ፍትሕ ነበር የጠቀሱት። ነጃሺ በዚያን ጊዜ ገና ሙስሊም አልነበሩም። ነገር ግን እርሳቸው ዘንድ ማንም አይበደልም ነበር። የእኛ አገር ስም በእስልምና ታሪክ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ከሐበሻ የመጣ ሙስሊም ተወዳዳሪን ሲመዝን ፍትሕን ቢያስቀድም ከማንም በላይ ያምርበታል።

ሰውን ለማወቅ ደግሞ ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የሚነገር ታሪክ አለ። አንድ ሰው ስለሌላው መልካምነት ሲመሰክር ዑመር ሦስት ነገር ጠየቁት። ጎረቤቱ ነህ ወይ? በገንዘብ ተገበያይተኸዋል ወይ? አብረኸው መንገድ ሄደሃል ወይ? ሰውየው ለሦስቱም «አይ» ሲል ምስክርነቱን አልተቀበሉትም፤ አታውቀውም አሉት።

ድምፅ መስጠትም በእኛ እይታ ምስክርነት ነው። ስለዚህ ሦስቱን ጥያቄዎች ለተወዳዳሪው እናቅርብ። አንደኛ፣ ጎረቤትነቱ፤ ከዚህ በፊት ያስተዳደራቸው ወይም የወከላቸው ሰዎች፣ በተለይም ደካሞቹ፣ እንዴት ሆኑ? ሁለተኛ፣ ገንዘቡ፤ ለዘመቻው ገንዘብ የሰጠው ማነው? ተወዳዳሪዎች የተቀበሉትን መዋጮ ለፌደራል የምርጫ ኮሚሽን የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው ይህን ማንም ሰው ማየት ይችላል። ሦስተኛ፣ መንገዱ፤ ነገር ሲከብድ የገባውን ቃል ይዞ ዘለቀ ወይስ በመሐል ጣለው?

በአንድ ቃል መሸነፍ

ይህን ሳያጣሩ መምረጥ የሚያስከትለውን ሙስሊሞች በ2000 አይተውታል። በዚያ ዓመት በተካሄደ ክርክር ቡሽ የዓረብ አሜሪካውያን በድብቅ ማስረጃ መከሰስ ትክክል አለመሆኑን ተናገሩ። ንግግሩ ብዙዎችን አስደሰተ። የታወቁ የሙስሊም ድርጅቶች ኅብረትም ድጋፉን ሰጣቸው። ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ ግን የመንግሥትን የስለላ ሥልጣን ያሰፋው ሕግ በእኚሁ ሰው ፊርማ ወጣ። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ተከተለ። የወደፊቱን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መራጮቹን አንወቅስም። ይሁን እንጂ አንድ ጥሩ ቃል የአንድን ሰው ሙሉ ሥራ አይተካም።

ታናሹ ወንድምም «በጥፋታቸው አልካፈልም» ማለቱ ከንቱ አይደለም። በ2024 ብዙ ሙስሊሞች በጋዛ የፈሰሰው ደም ልባቸውን ሰብሮት ነበር። ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በሚሺጋን ግዛት በዲርቦርን ከተማ ድምፁ ለትራምፕ፣ ለካማላ ሐሪስና ለጂል ስታይን ለሦስት ተከፈለ። የቀሩም ነበሩ። እነዚህ ሁሉ አንድ ሐዘን የነበራቸው ወንድማማቾች ናቸው። በውሳኔ መለያየታቸው በልብ መለያየት ሊሆን አይገባም። አለመምረጥም ውሳኔ ነው፤ ሚዛኑን አስቦ የቀረ ሰው ለራሱ መልስ አለው። በስንፍና የቀረ ግን «ለአላህ ብዬ ነው» ባይል ይሻለዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። መምረጥ የሚችሉት ዜጎች ናቸው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በፌደራል ምርጫ ቢመርጥ ወንጀል ነው፤ እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የሚቀርበውን የመራጭነት ቅጽ ሳያነቡ የሚፈርሙ አሉ። ዜጋ ሳይሆኑ «ዜጋ ነኝ» ብሎ መፈረም የሐሰት ምስክርነት ነው። እባካችሁ ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።

ከምርጫው ማግስት

ድምፅ መስጠት በአራት ዓመት አንድ ቀን ነው። የቀሩት ቀናት ግን የእኛ ናቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኞች መሆናችንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ፕሬዚዳንቱ ስለ አገሩ፣ አባት ስለ ቤቱ፣ እናት ስለ ልጆቿ ይጠየቃሉ። እስቲ የዑመርን ሦስት ጥያቄዎች ወደ ራሳችን እናዙራቸው።

ጎረቤታችን ስለ እኛ ምን ይመሰክራል? በጁምዓ ቀን ለሶላት ቸኩለን መኪናችንን የሰው በር ላይ አቁመን እንሄዳለን። በረመዷን ሌሊት በሰው መስኮት ሥር ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናወራለን። ተወዳዳሪው የደካማን መብት እንዲያከብር የምንፈልገው እኛ የጎረቤትን በር ዘግተን ነው?

ገንዘባችንስ? ዕቁቡን ከወሰደ በኋላ መክፈል የሚያቆም አለ። በጥሬ ገንዘብ ያገኘውን ከግብር የሚደብቅ፣ «ሁሉም ያደርገዋል» የሚልም አለ። ቤት ውስጥ ለሁለት ቀን የሚበቃ የኢፍጣር ምግብ ተሠርቶ ግማሹ ይደፋል። የሕዝብ ገንዘብ ባከነ ብለን ባለሥልጣንን ስንወቅስ ልጆቻችን የራሳችንን የቆሻሻ ቅርጫት ያያሉ።

መንገዳችንስ? ከመካከላችን ብዙዎች በታክሲና በጭነት መኪና የሚተዳደሩ ናቸው። ተሳፋሪው የረሳውን ቦርሳ የሚመልስ ሹፌር ስለ እስልምና ከብዙ ንግግር በላይ መስክሯል። ረጅሙ መንገድ ግን ትዳር ነው። ከቤት ውጪ ስለ ፍትሕ የሚከራከር ሰው ቤቱ ገብቶ ባለቤቱን በቁጣ የሚያስደነግጥ ከሆነ ክርክሩ ለማን ይጠቅማል?

እናታችን ሆይ፣ የእኛ ምክር ይህ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ሁለቱን ልጆችዎንና አባታቸውን በአንድ ማዕድ ያስቀምጧቸው። ሦስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ይጻፉላቸው። በአንድ በኩል ስለ ተወዳዳሪዎቹ፣ በሌላ በኩል ስለ ራሳቸው ይመልሱ። ከዚያ የሚመርጠው ይምረጥ፤ የማይመርጠውም ምክንያቱን ይናገር። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈውን አስታውሷቸው። ፕሬዚዳንት በአራት ዓመት ወይም ቢበዛ በስምንት ዓመት ይሄዳል። ወንድም ግን ወንድም ሆኖ ይቀራል።

አላህ የምንሾማቸውን ፍትሐዊ፣ እኛንም አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።