ፋይብሮማያልጂያ ስለሚባለው ሕመም

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንጽፍለት የመረጥነው ሕመም ስሙ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ሕመሙ ራሱ ግን በብዙ ቤት ውስጥ ይገኛል። አንዲት እመቤት ሌሊቱን ሁሉ ተኝታ አድራ፣ ጧት ስትነሣ ሸክም ስትሸከም እንዳደረች ሆና ትነሣለች። አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ወገቧንና ጭኖቿን ይቆረጥማታል። ዛሬ ትከሻዬን ያለችው ነገ ጉልበቴን ትላለች። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ደሟ ይመረመራል፣ አጥንቷም በራጅ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ «ምንም የለብሽም» የሚል ቃል ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በቤትም አንዱ «ብርድ መቷት ነው» ይላል፤ ሌላው «ቁርጥማት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ሐሳብ አብዝታ ነው» ይላል፤ በአፉ ባይናገረውም በልቡ «ሥራ ጠልታ ነው» የሚል አይጠፋም።

ይህን ጽሑፍ ለማውጣት ያነሣሣን ያ በልብ የሚቀረው የመጨረሻው ቃል ነው። ቃሉ እውነት አይደለምና፤ እውነት አለ መሆኑንም የሕክምና ሊቃውንት መቶ ዓመት የሚያህል ጊዜ ፈጅተው ደርሰውበታል። እንዴት እንደ ደረሱበት ከዚህ በታች እንገልጻለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉልን።

አስቀድመን ምልክቶቹን እንናገር። ሕመሙ በአንድ ስፍራ የሚወሰን አይደለም፤ በቀኝም በግራም፣ ከወገብ በላይም ከወገብ በታችም ይሰማል፤ ከሦስት ወርም ይልቃል። አንዳንዱ ያቃጥለኛል ይላል፣ አንዳንዱ ይወጋኛል ይላል። ወዳጅ ለሰላምታ ትከሻውን መታ ቢያደርገው የሚያመው፣ የቀሚስ መቀነት የሚከብዳት ሰው አለች። ከሕመሙ ጋራ ዕረፍት የማያወጣው ድካም ይመጣል። እንቅልፍም ቢተኙት የማያሳርፍ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ብዙ በሽተኞች ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳፍራቸውን ነገር ይናገራሉ፤ ይኸውም የሐሳብ መደናገር ነው። የሚያውቁት ቃል በአፋቸው ላይ ሳለ ይጠፋባቸዋል፤ አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብበው ምን እንደሚል አይዙትም። በጽሕፈት ሥራ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ መናገር አያስፈልገንም። ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋትና መታወክ፣ ብርሃንንና ጩኸትን ጽኑ ሽታንም አለ መቻል ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ በዚህ ሕመም መገጣጠሚያ አያብጥም፣ ጣት አይጣመምም፣ ጡንቻ አይሰልልም፣ ልብና ኩላሊትም አይጎዱም። ሊቃውንቱ እንደሚገምቱት ከመቶ ሰው ከ2 እስከ 4 የሚሆነው ይህ ሕመም አለበት፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያበዛል፤ ወንዶችንና ልጆችን ግን ጭራሽ አይተውም።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ ሰር ዊልያም ጋወርስ የተባሉ የሎንዶን ሐኪም በ1904 ዓ.ም. ስለ ወገብ ሕመም ሲያስተምሩ «ፊብሮሲቲስ» የሚል ስም አወጡ። ትርጓሜውም በጡንቻ መካከል የሚገኙት ቀጫጭን ክሮች ተቆጥተዋል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በግላስጎ ከተማ ራልፍ ስቶክማን የተባሉ ሐኪም ከበሽተኞች ሥጋ ቆርጠው በማጉሊያ መነጽር ተመልክተው መቆጣቱን አየሁ ብለው ጻፉ። ከእሳቸው በኋላ የመረመሩት ግን ያንን ሊያገኙት አልቻሉም። ስሙ ግን ሰባ ዓመት ቆየ። የሚያስደንቀው ነገር ጋወርስ በነርቭ ሕክምና ስማቸው የገነነ ሰው ሆነው ሳለ፣ የሕመሙን ሥር ከነርቭ ትተው በሥጋ ውስጥ መፈለጋቸው ነው።

በ1976 ዓ.ም. ፊሊፕ ሄንች የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ስሙን «ፋይብሮማያልጂያ» ብለው ለወጡት። ስሙ ከላቲንና ከግሪክ የተሰፋ ነው፤ ፊብራ ክር፣ ሚስ ጡንቻ፣ አልጎስ ሕመም ማለት ነው። መቆጣት የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ፤ መቆጣቱ አልተገኘምና። የእኚህ ሐኪም አባት፣ እሳቸውም ፊሊፕ ሄንች የሚባሉት፣ ኮርቲዞን የተባለውን የመገጣጠሚያ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ በመመርመራቸው በ1950 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ናቸው። የአባትዮው መድኃኒት ልጅዮው ስም ላወጡለት ሕመም አይጠቅምም። ይህም ብቻውን ሁለቱ ሕመሞች የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳል።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሃርቪ ሞልዶፍስኪና ባልደረቦቻቸው ከሁሉ ይልቅ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ነገር አገኙ። በ1975 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ሕመም የሌለባቸውን ፈቃደኛ ሰዎች አስተኝተው፣ ከባዱ እንቅልፍ በወሰዳቸው ጊዜ ሁሉ ሳያነቋቸው በድምፅ እያወኩ አሳደሯቸው። ጤነኞቹ ሰዎች ጥቂት ሌሊት እንደዚህ ካደሩ በኋላ ሰውነታቸውን ቆረጠማቸው፣ ድካምም ያዛቸው። ሳይታወኩ እንዲተኙ በተፈቀደላቸው ጊዜ ተሻላቸው። ስለዚህ የእንቅልፍ ነገር የሕመሙ ውጤት ብቻ ሳይሆን ሕመሙን የሚያባብስም መሆኑ ታወቀ።

ታዲያ ሕመሙ በሥጋ ውስጥ ካልተገኘ ወዴት ነው? መልሱን ለማስረዳት በታላላቅ ሰዎች ቤት የነበረውን እልፍኝ አስከልካይ እንውሰድ። በደጅ የቆመው ባለ ጉዳይ ብዙ ነው፤ አስከልካዩ ግን የሚገባውን አስገብቶ የማይገባውን ይመልሳል፤ ጌታውም በሰላም ይቀመጣል። በሰውነታችንም እንደዚሁ ነው። ከቆዳና ከጡንቻ በነርቭ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ያለ ማቋረጥ መልእክት ይመጣል፤ አብዛኛው በመንገድ ይመለሳል፣ ወይም ድምፁ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ፋይብሮማያልጂያ ባለበት ሰው ዘንድ አስከልካዩ ደክሟል፤ መልእክት አድራሾቹም ይጮኻሉ። እንዲሁ በመነካት ብቻ የሚመጣው መልእክት ሕመም ሆኖ ይገባል።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ሪቻርድ ግሬስሊና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ አገር የበሽተኞችንና የጤነኞችን የእጅ አውራ ጣት በልክ እየተጫኑ፣ በአንጎል ውስጥ የደምን አካሄድ በሚያሳይ በመግነጢስ በሚሠራ መሣሪያ ተመለከቱ። በሽተኞቹ ቀላል በሆነ ግፊት የሚሰማቸው ሕመም፣ ጤነኞቹ እጅግ ከፍ ባለ ግፊት ከሚሰማቸው ጋራ ትክክል ሆነ፤ በአንጎልም የታየው ሥራ ተመሳሳይ ነበር። «አመመኝ» ያለው ሰው በእውነት አሞታል ማለት ነው። ደግሞም ኅብለ ሰረሰሩን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ የሕመምን መልእክት የሚያደርሰው «ሰብስታንስ ፒ» የተባለው ነገር በእነዚህ በሽተኞች ዘንድ ከጤነኞች ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል።

መነሻ ምክንያቱ አንድ አይደለም። በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ በእናትና በልጅ፣ በእኅትማማቾችም መካከል ደጋግሞ ስለሚታይ የትውልድ ድርሻ አለው። አንዳንዱን ከመኪና አደጋ በኋላ፣ አንዳንዱን ከጽኑ ትኩሳት በኋላ፣ አንዳንዱን ከረጅም ኀዘን ወይም ከጭንቀት በኋላ ይጀምረዋል፤ ያለ ምንም ምክንያት ቀስ ብሎ የሚገባበትም ብዙ ነው። በ2021 ዓ.ም. በሎንዶን፣ በሊቨርፑልና በስዊድን አገር ያሉ መርማሪዎች ከበሽተኞች ደም የመከላከያ ፕሮቲኖችን ለይተው ወደ አይጦች ቢያስገቡ አይጦቹ ግፊትንና ብርድን የማይችሉ ሆኑ፤ ፕሮቲኑ ከሰውነታቸው ሲወጣም ዳኑ። ይህ ነገር ገና በመመርመር ላይ ነው፤ ዳሩ ግን አይጥ ሥራ ጠልታ ታመመች የሚል ሰው አይገኝም።

አሁን ሐኪም ሕመሙን እንዴት እንደሚለየው እንናገር፤ ቤተ ሰብን የሚያሳስተው ከሁሉ ይልቅ ይህ ነውና። በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ደንብ አወጣ። በሰውነት ላይ 18 ቦታዎች ተወስነው፣ ሐኪሙ በአውራ ጣቱ 4 ኪሎ ያህል ኀይል ይጫናቸዋል፤ ይህም ጥፍሩ ነጭ እስኪሆን ድረስ ነው። ከ18ቱ 11ዱ ያመሙት ሰው፣ ሕመሙም በሰውነቱ ሁሉ ሦስት ወር የቆየበት፣ ፋይብሮማያልጂያ አለበት ተባለ። ይህ ደንብ ለምርመራ ቢረዳም ጉድለት ነበረበት፤ አንዱ ሐኪም አበርትቶ ሌላው አላልቶ ይጫናል፤ ድካሙንና እንቅልፍ ማጣቱንም አይቆጥርም ነበር። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ኮሌጁ ሌላ ደንብ አወጣ። በዚህኛው ሐኪሙ ከመጫን ይልቅ ይጠይቃል። ከ19 የሰውነት ክፍሎች ባለፈው ሳምንት ያመመው ስንቱን እንደ ሆነ ይቆጥራል፤ የድካሙን፣ ሳያርፉ የመንቃቱንና የሐሳብ መደናገሩን ጽናት እያንዳንዱን ከ0 እስከ 3 ይመዝናል፤ ሌሎችንም ምልክቶች ይጨምርበታል። በ2016 ዓ.ም. ጥቂት ተሻሽሎ፣ ሌላ በሽታ ያለበት ሰውም ይህ ሕመም ሊጨመርበት እንደሚችል ተወሰነ።

እንግዲህ ደምና ራጅ የሚመረመሩት ፋይብሮማያልጂያን ለማግኘት አይደለም፤ የሚመስሉትን በሽታዎች ለመለየት ነው። በአንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ሥራው ሲደክም፣ ደም ሲያንስ፣ ቪታሚን ዲ ሲጎድል፣ መገጣጠሚያ የሚያሳብጠው ሩማቶይድ አርትራይተስ ወይም ሉፐስ የተባለው ደዌ ሲጀምር ሰውነትን ይቆረጥማል፤ ያደክማልም። እነዚህ የየራሳቸው መድኃኒት አላቸውና ሳይመረመሩ ማለፍ አይገባም። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት ወይም የእጅና የእግር መስነፍ ቢታይ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ግን «ምንም የለብሽም» ማለት ስሕተት ነው። «የምርመራው መልስ መልካም ነው፤ ሕመምሽም ስም አለው» ማለት ትክክል ነው። ቤተ ሰቡ በመልካሙ መልስ ደስ ሲለው በሽተኛዪቱ የምታለቅስበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ያላት አንድ ምስክር ዝም አለባት። የዓለም የጤና ድርጅትም ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በ11ኛው የበሽታዎች መዝገቡ፣ ሕመም ራሱ በሽታ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ተቀብሎ ይህን ሕመም በዚያ ክፍል አስገብቶታል።

ስለ መድኃኒቱ ረጅም አንጽፍም። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለም። አሚትሪፕቲሊን በጥቂቱ ማታ ሲወሰድ ለአንዳንዱ እንቅልፉን ያሻሽልለታል፤ ፕሪጋባሊንና ዱሎክሴቲንም ከበሽተኞች ከፊሉን ይረዳሉ፤ ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። ከሞርፊን ወገን የሆኑት ብርቱ ማስታገሻዎች ግን ጥቅማቸው አልታየም፤ ሱስ ማስያዛቸው ደግሞ የታወቀ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች በ2017 ዓ.ም. መድኃኒቱን ሁሉ መርምረው፣ አጽንተው የመከሩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው።

ይህን ስንናገር የታመመ ሰው ይቆጣን ይሆናል፤ እየቆረጠመው ተነሥ ተራመድ ማለት ጭካኔ ይመስላልና። ስለዚህ አካሄዱን ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በቀን 5 ደቂቃ መራመድ ይበቃል፤ ሳምንት እየቆዩ ጥቂት ጥቂት መጨመር ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ መንቀሳቀስ፣ ታይ ቺ የተባለው የቻይናዎች ዝግ ያለ ስፖርትም ተሞክሮ ጠቅሟል። በሽተኞች ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ደኅና በሆኑበት ቀን ነው። ደኅና የሆነች እመቤት ያመለጣትን ሥራ ሁሉ ልታጠናቅቅ በአንድ ቀን ቤቱን ታገላብጣለች፣ እንግዳ ትጠራለች፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ትወድቃለች። ያየም ሰው «ትናንት ስትሮጥ አልነበረም ወይ?» ይላል። ሕመሙ ቀን እየለየ የሚከብድና የሚቀል መሆኑን ባለ ቤቱም፣ በመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚያዝ አለቃም ቢያውቁት ይህ ቃል ከአፋቸው ባልወጣ ነበር። ይህ ነገር በጌቶች ቤት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ እንጀራ የምትጋግረው ሴትና ዘበኛውም ሊኖርባቸው ይችላል፤ እነርሱ ግን «አመመኝ» ለማለት ይፈራሉ።

የዚህ ሕመም መታሰቢያ ቀን በያመቱ ሜይ 12፣ በእኛ ግንቦት 4 ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው በ1820 ዓ.ም. ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለዱበት በመሆኑ ነው። እኚህ እንግሊዛዊት በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ያስታመሙ፣ ከዚያም ተመልሰው ብዙ ዓመት በአልጋ ላይ በሕመም የኖሩ ናቸው። ሕመማቸው ፋይብሮማያልጂያ ነበረ የሚሉ አሉ፤ ከወተት የሚያዝ ትኩሳት ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተቆረጠም። በአልጋቸው ላይ ሆነው ግን ስለ ሆስፒታል አሠራርና ስለ ሠራዊት ጤና መጻፋቸውን አላቋረጡም።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሁለት ሳምንት ያህል በትንሽ ደብተር የሚከተለውን ቢጽፍ ይረዳዋል፤ የት የት እንዳመመው፣ ስንት ሰዓት እንደ ተኛና ሲነቃ እንዴት እንደ ነበረ፣ የቀኑን ሥራና የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የቤት መድኃኒቱንም ጭምር። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረና ከዘመዶቹ መካከል እንደዚህ የሚያመው ሰው መኖር አለ መኖሩንም ይጨምር። ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው አብሮት ቢገባ መልካም ነው፤ በሽተኛው ቃሉ ቢጠፋበት የሚያስታውሰው ያገኛል።