መልእክታችን መንገዱን እንዴት ይመርጣል?

ከኮልፌ ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ ለሚሄድ ተማሪ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። በመርካቶና በፒያሳ አድርጎ መሄድ ይቻላል፤ በጳውሎስና በአዲሱ ገበያ ዞሮም ይደረሳል። ታዲያ ምርጫው በርቀት ብቻ ነውን? አይደለም። እናት «በመርካቶ እለፍና ይህን ዕቃ ለአጎትህ አድርስ» ካለች፣ ሌላው መንገድ ቢያጥርም የቤት ትእዛዝ ይቀድማል።

ከስልካችን የሚነሣውም መልእክት እንዲሁ ነው። ኢንተርኔት እያንዳንዳቸው በራሳቸው አስተዳዳሪ የሚመሩ ከ70,000 የሚበልጡ ኔትዎርኮች ማኅበር ነው። ሁሉም መታወቂያ ቁጥር አላቸው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው። «ወደዚህ አድራሻ በእኔ በኩል ይደረሳል» እያሉ ለጎረቤት የሚያስታውቁበት ደንብ ቢጂፒ ይባላል፤ የወጣውም በ1981 ዓ.ም. ነው።

አንድ አድራሻ በብዙ ጎረቤት በኩል ሲታወቅ፣ ምርጫው በማስታወቂያው ላይ በሚጻፉ መለያዎች ይካሄዳል። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የቤት ምርጫ ነው። ተቀባዩ ኔትዎርክ ራሱ ለእያንዳንዱ መንገድ ቁጥር ይሰጣል፤ ትልቁ ያሸንፋል። ኪራዩ የረከሰው ወይም ውል ያለበት መንገድ የሚቀድመው በዚህ ነው።

ሁለተኛው የመንገዱ መዝገብ ነው። ማስታወቂያው ያለፈበት ኔትዎርክ ሁሉ ቁጥሩን ይጽፍበታል። የቤት ምርጫው እኩል ከሆነ ጥቂት ቁጥር ያለበት ይመረጣል። በመዝገቡ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘ ኔትዎርክም መንገዱ ዞሮ እንደ መጣ ዐውቆ ይጥለዋል።

ሦስተኛው የጎረቤት ልመና ነው። ሁለት ኔትዎርኮች በሁለት በር ቢገናኙ፣ አንዱ «በዚህኛው ግባ» ብሎ አነስተኛ ቁጥር ይጽፋል። ልመና ነውና ከሁለቱ በኋላ ይታያል።

ይህ እኛን ምን ይመለከተናል? አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፣ መልእክታችን ወደ ባሕር ኬብል የሚደርሰው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች ምድር አልፎ ነው። ቢጂፒ ደግሞ ፍጥነትንም ኪሎ ሜትርንም አይለካም። ስለዚህ መልእክታችን ሲዘገይ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሽቦው አይደለም፤ ሰው የጻፈው ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ ግን ደንቡ በመተማመን ላይ መቆሙ ነው። የታክሲ ረዳት «ስድስት ኪሎ!» ሲል ሰምተን እንደምንሳፈር፣ ኔትዎርክም የጎረቤቱን ቃል ያምናል። የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ያወጣው ማስታወቂያ ወደ ውጭ አፈተለከ። ዩቲዩብ 1,024 አድራሻዎችን ባንድነት ሲያስታውቅ፣ ይህኛው ከውስጣቸው 256ቱን ለይቶ ጠራ። ጠባቡ ማስታወቂያ መለያዎቹ ሳይመዘኑ ያሸንፋልና፣ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም ጠፋ።

ዛሬ አንድን አድራሻ ለማስታወቅ መብት ያለው ማን እንደ ሆነ በፊርማ የሚረጋገጥበት ዘዴ አለ። ነገር ግን ፊርማው የሚጠቅመው ለሚመረምረው ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ እነዚህን ቁጥሮች የምንጽፈው እኛ ነንና፣ የሰማነውን ሳናጣራ ለሌላ እንዳናስተላልፍ ከዛሬው እንልመድ።