አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት አንባቢ

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባለ የሊኑክስ ሥርዓት በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልን፣ አልትንና ኤፍ3ን አንድ ላይ የተጫነ ሰው መስኮቱም ምስሉም ጠፍቶ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ያገኛል። ገጹ የተጠቃሚ ስም ይጠይቃል፤ ሌላ ነገር የለበትም። ይህ ኮንሶል ይባላል። ለሚያይ ሰው ነገሩ የገጽ ለውጥ ብቻ ነው። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ግን እስከዚያች ሰከንድ ሲያነብለት የነበረው ኦርካ የተባለ ስክሪን ሪደር ድንገት ዝም ይልበታል። ኦርካ አልተበላሸም፣ አልተዘጋምም። ዴስክቶፑ ላይ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ኮንሶሉን ግን አያውቀውም። ስለዚህ ኮንሶሉ የራሱ አንባቢ ያስፈልገዋል። ያ ሁለተኛ አንባቢ ሲጫን ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሳውንድ ካርድና በአንድ ኪቦርድ መጣላት ይጀምራሉ።

ዊንዶውስ ላይ ጆስን ወይም ኤንቪዲኤን የለመደ ሰው ይህ ጣጣ አይገጥመውም ማለት ይቻላል። እዚያ የትዕዛዝ መስኮቱም እንደማንኛውም ፕሮግራም ዴስክቶፑ ውስጥ ስለሚከፈት አንድ ስክሪን ሪደር ለሁሉም ይበቃል። ሊኑክስ ግን ዴስክቶፑ ሳይኖርም የሚኖር ሥርዓት ነው። በተለምዶ ስድስት የጽሑፍ ኮንሶሎች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ደግሞ እስከ 63 ይፈቅዳል።

ሁለቱ አንባቢዎች ለምን አንድ እንዳልሆኑ ለመረዳት ምን እንደሚያነቡ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦርካ ስክሪኑ ላይ የተሳለውን አያይም። ኤቲ-ስፒ በተባለ መገናኛ በኩል ፕሮግራሞቹን ይጠይቃል፤ እነሱም «ይህ ቁልፍ ነው፣ ስሙ አስቀምጥ ነው፣ አሁን ተመርጧል» ብለው ይመልሱለታል። መልስ የማይሰጥ ፕሮግራም ለኦርካ የለም ማለት ነው። ኮንሶል ላይ እንዲህ ያለ ጠያቂና ተጠያቂ የለም። ያለው በረድፍና በዓምድ የተደረደረ ፊደል ነው፤ በቀድሞው ልማድ 25 ረድፍ በ80 ዓምድ። የኮንሶል አንባቢ ያንን ሰንጠረዥ ከከርነሉ ወስዶ ያነባል።

ኦርካ የተወለደው በሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ነው፤ ጀማሪው ዓይነ ስውሩ ፕሮግራመር ማርክ ማልኬሂ ነበር። በ2006 በወጣው ግኖም የተባለ ዴስክቶፕ 2.16 ዕትም ከእሱ በፊት የነበረውን ግኖፐርኒከስን ተክቶ የዴስክቶፑ ዋና አንባቢ ሆነ። የኮንሶሉ ስፒክአፕ ይቀድመዋል። ከርክ ራይዘር በ1990ዎቹ የጀመረው ይህ አንባቢ የሚኖረው ከርነሉ ውስጥ ነው። በ2010 ወደ ይፋዊው ከርነል የሙከራ ክፍል ገብቶ በ2020 ደግሞ ሙሉ አባል ሆኗል። ከርነል ውስጥ መኖሩ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማሽኑ ገና ሲነሳ፣ ብዙው አገልግሎት ሳይጀምር፣ እሱ መናገር ይችላል።

በስፒክአፕ ዘመን መጀመሪያ የድምፅ ጠብ የሚባል ነገር አልነበረም። ንግግሩን የሚያወጣው እንደ ዴክቶክና ደብልቶክ ያለ ለብቻው የሚገዛ የንግግር መሣሪያ ነበር። ከርነሉ ጽሑፉን ይልካል፣ መሣሪያው በራሱ ድምፅ ማጉያ ይናገራል። ሳውንድ ካርዱ ለሙዚቃ ነበር። ጠቡን ያመጣው ርካሽነት ነው፤ ንግግር በሶፍትዌር መሠራት ሲጀምር ውዱ መሣሪያ ቀርቶ ኢስፒክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ተተካ። ስፒክአፕንና ኢስፒክን የሚያገናኘው ደላላ ኢስፒክአፕ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የሙዚቃው፣ የኦርካውና የኮንሶሉ ድምፅ በአንድ በር መውጣት ግድ ሆነባቸው።

በሩ ላይ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንይ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኢስፒክአፕ እንደ ሥርዓት አገልግሎት ቀድሞ ይነቃና አልሳ በተባለው የከርነል ድምፅ ክፍል በኩል ሳውንድ ካርዱን ይይዛል። ቀጥሎ የመግቢያው ገጽ ይመጣል፤ ተጠቃሚው ሲገባ የእሱ የድምፅ ሰርቨር፣ ፐልስኦዲዮ ወይም በአዲሶቹ ሥርዓቶች ፓይፕዋየር፣ ይነሳል። ሰርቨሩ ካርዱን ለብቻው ይፈልጋል። ተይዟል ይባላል። በዚህ ጊዜ አይጮህም፤ «ደሚ አውትፑት» የሚባል የውሸት ድምፅ ማውጫ ፈጥሮ ሥራውን ይቀጥላል። ኦርካም ያዘጋጀውን ንግግር ወደዚያ ይልካል፤ ስህተት የሚባል ነገር አይመለስለትም። ኦርካ ተናግሯል፣ ሰሚ የለም።

ተገላቢጦሹም አለ። ሰርቨሩ ድምፅ ሳይወጣ አምስት ሰከንድ ያህል ሲያልፍ ካርዱን ይለቃል። ስለዚህ ምንም ሳይከፍት ወደ ኮንሶል የሄደ ሰው ስፒክአፕን ይሰማል፤ ሙዚቃ እየተጫወተ የሄደ ሰው ግን አይሰማም። አንድ ቀን ሠርቶ በማግስቱ እምቢ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ሰው ግን ያራገፈውን ፕሮግራም፣ ያሻሻለውን ከርነል፣ የነቀለውን የጆሮ ማዳመጫ ይጠረጥራል።

ሦስተኛው ሰበብ ፈቃድ ነው። በዛሬው ሊኑክስ ሳውንድ ካርዱን የመንካት መብት ያለው ከፊት ለፊት የተቀመጠው ተጠቃሚ ነው፤ ይህን የሚቆጣጠረው ሲስተምዲ-ሎጊንድ ነው። ዴስክቶፑ ላይ በአንድ ስም ገብቶ ኮንሶሉ ላይ በሌላ ስም የገባ ሰው ገጽ ሲቀይር የመጀመሪያው መብት ይነሳል። አስተሳሰቡ ትክክል ነው፤ ከበስተጀርባ ያለ ሰው ማይክሮፎን እንዳያዳምጥ ይከላከላል። ግን ኮምፒውተሩ የሚናገረው ለማስደሰት ብቻ ነው ብሎ የተነሳ ይመስላል። ንግግር ለዓይነ ስውር ተጠቃሚ ራሱ ስክሪኑ ነው። ገጽ በተቀየረ ቁጥር ስክሪኑን የሚያጠፋ ሥርዓት ማንም አይሠራም ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው የሚመርጠው አንዱን ማጥፋት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጠፋው የኮንሶሉ ነው። እኔ ይህን አልደግፍም። ዴስክቶፑ ሲበላሽ፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ ሲሰናከል፣ ዲስኩ ሞልቶ መግባት ሲከለከል የሚቀረው ኮንሶሉ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?

ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ገዝቶ ለኮንሶሉ አንባቢ ለብቻው መስጠት። የድሮውን የንግግር መሣሪያ ሐሳብ በርካሽ መመለስ ማለት ነው፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ አይተያዩም። ካርድ መጨመር ያልፈለገ ሰው ዲሚክስ በተባለው የአልሳ ማደባለቂያ ሁለቱንም እንዲያልፉ ማድረግ ይችላል፤ ሰርቨሩም በዚያው በኩል እንዲያልፍ ካልተደረገ ግን ጥቅም የለውም። ፐልስኦዲዮን ለመላው ሥርዓት አንድ አድርጎ ማስነሳትም ይቻላል፤ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ራሳቸው ግን ለደኅንነት ሲሉ አይመክሩትም።

እነዚህ ሁሉ መለጠፊያዎች ናቸው። ትክክለኛው መንገድ ከርነሉ ውስጥ የተጨመረው ነው፤ ዴስክቶፑ ፊት ሲመጣ ስፒክአፕ «አቁም» የሚል ምልክት ለኢስፒክአፕ ይልካል፣ ኢስፒክአፕም ካርዱን ይለቃል። ማን ፊት እንዳለ የሚያውቀው ከርነሉ ነውና መናገር ያለበትም እሱ ነው። አሮጌ ሥርዓት ላይ ያለ ሰው ግን አሁንም የድሮውን ሥቃይ ያውቃል፤ ምንም ሳይሰማ የተጠቃሚ ስም መተየብ፣ የይለፍ ቃል መተየብ፣ ኢስፒክአፕን እንደገና የሚያስነሳውን ትዕዛዝ መተየብ፣ ከዚያ ጆሮ ሰጥቶ መጠበቅ።

ኪቦርዱ ላይ ያለው ነገር ቀለል ይላል። የሚገርመው ሁለቱ አንባቢዎች ቁልፎቻቸው መመሳሰላቸው ነው። በቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ፓድ 8 ያለንበትን መስመር ያነባል፣ 7 ያለፈውን፣ 9 ቀጣዩን፤ 4፣ 5 እና 6 በቃል፣ 1፣ 2 እና 3 በፊደል ይሄዳሉ። ይህ በስፒክአፕም በኦርካም አንድ ነው፤ ጣት ሁለት ጊዜ መማር አይጠበቅበትም። ችግር የሚመጣው ፌንሪር የተባለው ሌላ የኮንሶል አንባቢ ሲጫን ነው። ፌንሪር ከከርነል ውጭ በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ ቁልፎቹን በቀጥታ ከኪቦርዱ ይወስዳል፤ ካልተነገረው ለኦርካ የታሰበውንም ይወስዳል። ለዚህም ዴስክቶፑ ባለበት ገጽ ላይ ራሱን እንዲያሳርፍ የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ የትኛው ገጽ እንደሆነም በራሱ እንዲያውቅ ማዘዝ ይቻላል።

ዴስክቶፑ ውስጥ ተርሚናል ከፍቶ እዚያው የኮንሶል ዓይነት አንባቢ የሚያስነሳም አለ፤ የተርሚናልን ጽሑፍ ኦርካ ከሚያነበው ይልቅ የኮንሶሉ አንባቢ በፍጥነት ያነበዋል ብሎ። ያኔ ሁለቱም አንዱን መስመር በተለያየ ድምፅ ይደጋግሙታል። መፍትሔው ኦርካ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ እንዲተኛ ማድረግ ነው፤ ኤንቪዲኤ ላይ የቆየው ይህ የመተኛት ዘዴ በቅርብ የኦርካ ዕትሞችም ገብቷል።

ድምፁን ትተን ብሬል ላይ ብንመጣ ጠቡ ከተፈታ ቆይቷል። የብሬል ማሳያውን የሚይዘው ብርልቲቲዋይ የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ሥራው በ1995 ተጀመረ። መሣሪያው የእሱ ብቻ ነው። ኦርካ ብሬል ሲፈልግ መሣሪያውን አይነካም፤ ብርልኤፒአይ በተባለው በር በኩል «ይህ ገጽ ፊት ሲሆን ይህን ጻፍልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ዴስክቶፑ ፊት ሲሆን ጣት ሥር የሚመጣው የኦርካ ጽሑፍ ነው። ወደ ኮንሶል ሲዞሩ ብርልቲቲዋይ ራሱ ተረክቦ የኮንሶሉን ጽሑፍ ያሳያል። ሲመለሱ ኦርካ ይቀጥላል። ማንም ማንንም አልቀማም። የድምፁ ዓለም ይህን አሠራር ቀድሞ ቢኮርጅ ኖሮ ስንት ሌሊት ይተርፍ ነበር።

ብርልቲቲዋይም ቢሆን ከጠብ ንጹሕ አይደለም፤ የተጣላው ግን ከሌላ ሰፈር ሰዎች ጋር ነው። ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ አርዱዊኖና ኢኤስፒ32 በመሳሰሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች የሚሠሩ ሰዎች ሰሌዳቸውን ሲሰኩ የመገናኛ ፖርቱ ይጠፋባቸው ነበር። በብዙ ርካሽ ሰሌዳ ላይ ያለው ሲኤች340 የተባለ ቺፕ ከአንዳንድ የብሬል ማሳያ ጋር አንድ መለያ ቁጥር ስላለው ብርልቲቲዋይ የራሱ መስሎት ይወስደዋል። የተዛመተው ምክር ብርልቲቲዋይን ንቀሉት የሚል ሆነ። ለራስ ማሽን ጉዳት የለውም፤ በጋራ ኮምፒውተር ላይ የተደረገ እንደሆነ ግን የሌላውን ሰው ስክሪን እንደመንቀል ነው።

አማርኛ የሚጽፍ ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ የሚይዘው የፊደል ቅርጽ ከ512 አይበልጥም። ዩኒኮድ በ1999 ግዕዝን ሲያስገባ 345 ምልክቶች ነበሩት፤ ከላቲኑ ጋር ተጨናንቆ ይገባል ማለት ነው፣ ዋጋውም የኮንሶሉ የፊደል ቀለም ከ16 ወደ 8 መውረዱ ነው። ዴቢያን ለዚህ የተዘጋጁ የኢትዮጵያ ፊደላት አሉት፤ ከነዚህ አንዱ ጎሐ ይባላል። ለዓይነ ስውር ተጠቃሚ ቅርጹ ምን ያደርግለታል? ያደርግለታል። የቀድሞው መንገድ ለአንባቢዎች የሚያቀብለው የፊደሉን ማንነት ሳይሆን የቅርጹን ተራ ቁጥር ስለነበር ቅርጽ የሌለው ፊደል ለአንባቢም አልነበረም። በ2018 ከብርልቲቲዋይ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኒኮላስ ፒትር እውነተኛውን ዩኒኮድ የሚያቀብል ሁለተኛ መንገድ ከርነሉ ላይ ጨመረ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ስፒክአፕም ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል ወደ ኢስፒክ የሚልክበት መንገድ አግኝቶ ነበር።

የኢስፒክ ተከታይ የሆነው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ይናገራል፤ ድምፁ የማሽን ነው፣ ግን ይሰማል። ሁለቱ አንባቢዎች ቅንብር ስለማይጋሩ ግን አማርኛውን ሁለት ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ለዴስክቶፑ ኦርካ ምርጫዎች ውስጥ፣ ለኮንሶሉ ኢስፒክአፕ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ላይ። የመጀመሪያውን ብቻ ያስተካከለ ሰው ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ሲጫን ኮንሶሉ አሁንም በእንግሊዝኛ ይቀበለዋል።