የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር

እንደሚታወቀው ከፋርታ ገጠር መጥተን በደብረ ታቦር ቤት ተከራይተን የምንማር ብዙዎች ነን። ስንቅ ከቤታችን ይመጣልናል፤ ስለ ጉርምስና፣ ስለ እርግዝናና ስለ አባላዘር በሽታ የሚነግረን ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ (ስሟን አልጽፍም) ስለ ወር አበባዋ መዘግየት ልትጠይቅ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ የእናቷ ጎረቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ስለዚህ ራሴን አሞኛል ብላ ኪኒን ይዛ ተመለሰች።

መድኃኒቱም ነርሷም እያሉ ወጣቱ ሳይጠቀም የሚቀረው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው። በክልላችን በሞሰቦ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው የልጃገረዶች ፕሮግራም ይህን የተረዳ ይመስለኛል። አዋቂ ሴቶች ልጃገረዶቹን በቡድን እየሰበሰቡ ያስተምሯቸው፣ የመንደሩም ሰው በጉዳዩ ይወያይ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ እጅግ ቀነሰ፤ ታላላቆቻቸው ግን መዳራቸው አልቀረም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም።

ለእኛ ከተማ የምመኘው በ10 ሰዓት ከትምህርት ስንወጣ የሚከፈት፣ በሩ በሌላ በኩል የሆነ፣ ስም ጮክ ተብሎ የማይጠራበት አንድ ክፍል ነው። ወንዶችም ይግቡበት። እናቶቻችንና ጎረቤቶቻቸው ቢገለገሉበትም አንጠላም፤ ሰዓቱ ብቻ የተለየ ይሁን።