ተጨማሪ መረጃ፦ የትናንት ባላንጣ፣ የክፉ ቀን ወዳጅ

በሽንፈት ስሙ የጎደፈ መሪ አንዳንዴ መውጫ የሚፈልገው ከቀድሞ ጠላቱ ደጅ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት (የቀድሞው ራስ አዳል ተሰማ) ታሪክ ይህን ያሳያል። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ መናገሻቸው ነበረች።

ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ በስተደቡብ ያለውን ለም አገር ለመያዝ ይፎካከሩ ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ግን አላዋረዷቸውም፤ ቁስላቸውን በገዛ እጃቸው እንዳከሙላቸው ይነገራል።

በ1880 ዓ.ም. የጎጃም ጦር ሳር ውኃ ላይ በድርቡሾች (በሱዳን የማህዲ ተከታዮች) ተመታ፤ ጎንደርም ተዘርፋ ተቃጠለች። ተክለ ሃይማኖት በንጉሠ ነገሥቱ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘንድ አመኔታ ሲያጡ፣ ከትናንት ባላንጣቸው ከምኒልክ ጋር በምስጢር ተስማሙ። ዳፋው ግን ለገበሬው ተረፈ፤ የዐፄ ዮሐንስ ጦር በ1881 ዓ.ም. ጎጃምን ወረረ፤ እህሉ ተበላ፣ ከብቱ ተነዳ፣ ጎጆው ተቃጠለ።

ዐፄ ዮሐንስ በዚያው ዓመት ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ፤ ምኒልክም ነገሡ። በ1888 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ወራሪውን የኢጣሊያ ጦር ለመውጋት የጎጃምን ጦር ይዘው አድዋ ዘመቱ። እምባቦ ላይ የተፋለሙት ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ወገን ተሰለፉ።

ዕርቃቸው ለአገር ነፃነት ዋለ፤ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለው ግን ማንም ያላማከረው የጎጃም ገበሬ ነበር። የመሪዎችን ዕርቅ ስታጠኑ ጥቅሙንም ዋጋውንም አብራችሁ መዝኑ።